አጸደ ወፍ ልታይ የሄደች ዕለት

ሽሮ ሜዳ ላይ ጥጥ የሚፈትሉ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ የአጸደን ፈትል ግን ሸማኔዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይለዩት ነበር። ቀጭን ነው፣ አይቋጠርም፣ ድር ሆኖ ሲወጠርም አይበጠስም። ባሏም ሸማኔ ነበር። እሱ ሲሞት፣ ሲሠራ እግሩን ይሰድበት የነበረውን ጉድጓድ በሳንቃ ከደነችና በላዩ ላይ የአንድ ልጇን የአምኃን አልጋ ዘረጋችበት።

ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ሰው ከፊቷ ቢገባባት ዝም ትላለች። እንጦጦ ማርያም ስትሄድም ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የምትቆመው። ጎረቤቷ ገበያነሽ፣ ነጠላ ነጋዴዋ፣ "አንቺ እኮ ብትሰረቂ ሌባውን ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ" እያለች ትቀልድባት ነበር። አጸደም አብራ ትስቃለች።

አምኃ ግን እንደ እናቱ አልነበረም፤ ወሬ ይወዳል። ትምህርት ቤት ውስጥ የተፈጥሮ ክበብ የሚባል ነገር ገብቶ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ አስተማሪያቸው ገፈርሳ ግድብ ወስዶ ወፍ አሳያቸው። ማታ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ገባ።

"እማዬ፣ አፉ ማንኪያ የሆነ ዳክዬ አየሁ!"

"ሂድ ወዲያ! ማንኪያ?"

"እውነቴን ነው። ጠፍጣፋ ነው። ውሃውን እንደ ሾርባ እያማሰለ ይጠጣዋል። ደግሞ የኛ አገር አይደለም፤ ከሩሲያ ነው የሚመጣው። እዚያ በረዶ ሲሆንበት እኛ ጋ ይከርማል፣ በረዶው ሲቀልጥ ይመለሳል።"

"መንገዱን ማን ይነግረዋል?"

"ማንም አይነግረው። ያውቀዋል።"

አጸደ እንዝርቷን አቆመች። "ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቶ እኛ ሳናየው መመለሱ ነውር ነው" አለች።

"እወስድሻለሁ" አላት። "በሚቀጥለው ኅዳር።"

የሚቀጥለው ኅዳር ግን የቀይ ሽብር ኅዳር ሆነ። አምኃን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ወሰዱት። አጸደ በየቀኑ ምሳ ቋጥራ ቀበሌው በር ላይ ትሰጣለች፤ ባዶ ሳህን ይመለስላታል። አንድ ቀን ጠዋት የአብዮት ጥበቃው ታረቀኝ፣ የዚያው ሰፈር ልጅ፣ ሙሉውን ሳህን ሳይነካ መለሰላት።

"ከእንግዲህ አያምጡ፣ እትዬ አጸደ" አላት መሬት መሬት እያየ።

የዚያን ጊዜ ሰው የዚህን ቃል ትርጉም አይጠይቅም ነበር። አጸደ አፏ ተከፈተ። ታረቀኝ እጁን ዘርግቶ ቀደማት። "ድምፅ እንዳይሰማ። ይዋጡት። ማልቀስ ክልክል ነው።"

እሷም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቢኖር ምንም አለመሆኑ ነው። ድንኳን አልተተከለም። ንፍሮ አልተቀቀለም። መርዶ የሚነግር ሰው በማለዳ በሯን አላንኳኳም፤ መርዶ ካልተነገረ ደግሞ ልቅሶ የሚደርስ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አልሰማም። ገበያ ላይ ሲያገኟት እጇን ጨበጥ አድርገው ያልፋሉ፤ የሚደፍሩት እነሱ ናቸው። የማይደፍሩት ማዶ ለማዶ ይሻገራሉ። ሬሳም አልተሰጣት፣ መቃብርም የላት። ፈትሏ መቋጠር ጀመረ። ሸማኔዎቹ እየዳበሱት እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዚያ ይገዙላታል።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል አጸደ አንድ ነገር ቆረጠች። አምኃን፣ ስሙን ጠርታ፣ በድምፅ ታለቅሰዋለች። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

መጀመሪያ የነገረችው ለገበያነሽና ለእማማ የዓለምወርቅ ነው። እማማ የዓለምወርቅ በጉለሌ የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። እሳቸው ሙሾ ካወረዱበት ቤት ዓይኑ ደርቆ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

"እኔን እኮ ሥራ ፈት አደረጉኝ" አሉ እማማ የዓለምወርቅ። "በሕይወቴ እንደዚህ ብዙ ሰው ሞቶ አያውቅ፣ እኔም እንደዚህ ቦዝኜ አላውቅ።"

"ቀስ ይበሉ፣ ይሰማል" አለች ገበያነሽ ወደ ግድግዳው እያየች። "እዚህ ቤት አይሆንም አጸዱ። ጭቃ ነው፣ ያሳልፋል።"

"እዚህ አይደለም" አለች አጸደ። "ገፈርሳ ነው።"

"ገፈርሳ ምን አለ?"

"ወፍ።"

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሐዘኑ አእምሮዋን እንዳናጋው ነው የገመቱት። አጸደ ግን ሁሉን አስባ ጨርሳለች። ሴቶች ተሰብስበው ሽርሽር ይሄዳሉ፤ የግድቡ ዳር ሰፊ ነው፣ ሰው የለበትም። ውሃው ዳር ይቀመጣሉ፣ ፊታቸውን ወደ ወፎቹ ያዞራሉ፣ እማማ የዓለምወርቅ በቀስታ ያወርዳሉ፣ ሌሎቹ በቀስታ ያለቅሳሉ።

"በቀስታ" አለች ገበያነሽ ጣቷን ቀስራ። "ማሉ። ዋይታ የለም፣ ደረት መምታት የለም።"

ሦስቱም ማሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በድሉ ጋ ፈቃድ ልትጠይቅ የገባችው ራሷ አጸደ ናት። ሰውዬው ራሱን ክፉ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ንቃት የሚለውን ቃል ይወዳል፣ ስብሰባ ይወዳል።

"ወፍ?" አላት። "ወፍ ልታዩ? እንጦጦ ላይ ወፍ አለቀ እንዴ?"

"የገፈርሳዎቹ እንግዳ ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከውጭ አገር ነው የሚመጡት።"

ጓድ በድሉ ብዕሩን አስቀመጠ። "ከየትኛው ውጭ አገር?"

"ከሩሲያ።"

"ከሶቪየት ኅብረት?" ፊቱ በራ። "እዚህ ድረስ? በክንፋቸው?"

"በክንፋቸው። ተማሪዎች ይማሩታል።"

የየትኛው ተማሪ እናት እንደሆነች ሰውዬው ያውቅ ነበር። ምናልባት ረሳችው፣ ነቃች ብሎ አስቦ ይሆናል። "ሴቶቻችን ስለ ወዳጅ አገር ወፍ ማወቃቸው ጥሩ ንቃት ነው" አለ። ቀጥሎ ግን ቅንድቡን ሰበሰበ። "ግን ገፈርሳ ከተማው የሚጠጣው ውሃ ነው። ጸረ አብዮተኞች ከመካከላችሁ ሰርገው አንድ ነገር ቢጨምሩበትስ? ጓድ ታረቀኝ አብሯችሁ ይሄዳል።"

አጸደ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ገበያነሽ ቤት ሄደች። ከሰው ሁሉ ታረቀኝ! ገበያነሽ ስትሰማ "በቃ፣ ቀረ" አለች።

"አይቀርም" አለች አጸደ።

ገበያነሽ ቀና ብላ አየቻት። በጉርብትና ዘመናቸው ሁሉ አጸደ እንዲህ ያለ ቃል ስትናገር ሰምታ አታውቅም።

እሁድ ጠዋት ሦስቱና እንደ እነሱ የማሉ አራት ጎረቤቶች፣ ሰባት ሴቶች፣ በአንዲት ውይይት ታክሲ ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀመጡ። ታረቀኝ ምንሽሩን ጉልበቱ መሀል አቁሞ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። መኪናዋ በዊንጌት አልፋ የአምቦን መንገድ ያዘች። ብርዱ ይቆነጥጣል። ሴቶቹ እንደተማከሩት ሽርሽር የሚሄድ ሰው መስለው ስለ በርበሬና ስለ ጥጥ ያወራሉ።

በመካከሉ ታረቀኝ ዓይኑ ገበያነሽ ላይ ቆመ። ቆየ። አጸደም ዓይኑን ተከትላ አየች። ገበያነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳዋለች፤ ጥለቱ ከታች እግሯ ላይ መውረዱ ቀርቶ ላይ አንገቷ ዙሪያ ተጠምጥሟል። እንዲህ የሚለብሰው ሐዘንተኛ ብቻ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ነጠላ ስትሸጥ የኖረችው፣ ሌሎቹን ሁሉ ስታስምል የነበረችው ገበያነሽ፣ ማለዳ ልቧ ልቅሶ እየሄደ እጇ በልማድ ሠርቶታል!

"እትዬ ገበያነሽ" አለ ታረቀኝ። "ማን ሞቶ ነው?"

ገበያነሽ አንገቷን ዳሰሰች፣ አወቀችው፣ ቀላች።

"ብርዱ ነዋ!" አለች። "ጥለቱ ወፈር ያለ ነው፣ አንገት ያሞቃል። አንተ ኮት ለብሰህ ምን ይገባሃል?"

አንዷ ሳቅ አለች። ታረቀኝ አልሳቀም። ከገበያነሽ ወደ አጸደ ዞረ፤ አጸደም ዓይኗን አልሰበረችም። ያን ጠዋት መሬት መሬት ያየው እሱ ነበር፣ አሁንም ፊቱን ወደ መስኮቱ የመለሰው እሱ ነው። ወዴት እንደሚሄዱ ያን ጊዜ ገብቶታል። ነገር ግን ሹፌሩን ተመለስ አላለውም።

ገፈርሳ ሲደርሱ ጉሙ ከውሃው ላይ ገና እየተነሳ ነበር። ማዶ ባሕር ዛፍ፣ ወዲህ እርጥብ ሣር፣ ራቅ ብሎ የግድቡ ዘበኞች ቆርቆሮ ቤት። ውሃው ላይ ደግሞ ወፍ! አጸደ ይህን ያህል ይሆናል ብላ አልጠበቀችም። ዳክዬው በመንጋ ተንሳፎ ውሃውን ሸፍኖታል። ረጃጅም እግር ያላቸው ከዳር ቆመው ጭቃውን ይወጋሉ። ሆዳቸው ቢጫ የሆነ ትናንሾች ጭራቸውን ላይ ታች እያወዛወዙ ከሣሩ ላይ ነፍሳት ይለቅማሉ።

"ይቺን እዩዋት!" አሉ እማማ የዓለምወርቅ። "ቂጧ አያርፍም። የኔን ምራት ትመስላለች።"

ሴቶቹ ሳቁ፤ የሽርሽር ሳቅ ለማስመሰል ብለው ሳይሆን ከልባቸው። ለጥቂት ጊዜ የመጡበትን ረስተው እንደ ሕፃን አንዱን ወፍ ለአንዱ እያሳዩ በዳሩ ሄዱ። ታረቀኝም ከኋላ ይከተላል።

ያኔ ነው አጸደ ያየችው። ከመንጋው ተለይቶ ወደ ዳር የተጠጋ አንድ ዳክዬ፤ ራሱ አረንጓዴ ሐር የመሰለ፣ ጎኑ ቀላ ያለ። አንገቱን ውሃው ላይ ዘርግቶ ግራና ቀኝ ያማስላል። አፉ ጠፍጣፋ ነው። ጫፉ ሰፊ ነው። ማንኪያ ነው።

"አለ" አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። "አለ። እውነቱን ነበር።"

ሴቶቹ ነገሩ ገባቸው፣ ዙሪያዋን ተቀመጡ። እማማ የዓለምወርቅ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው፣ እንደተማማሉት በለሆሳስ ጀመሩ።

ባለማንኪያው ዳክዬ ባሕር አልፎ መጣ፣
ምነው የኔ አምኃ ከሰፈሩ ታጣ።

ገበያነሽ አፏን በነጠላ ይዛ ተንሰቀሰቀች። የሌሎቹም ትከሻ ተናወጠ። ሁሉም ነገር እንደታሰበው እየሄደ ነበር፤ በቀስታ፣ ያለ ድምፅ። ከሩቅ ለሚያይ ሰባት ሴቶች ወፍ እያዩ ነው።

አጸደ ግን እንባ አልመጣላትም። ጉሮሮዋ ላይ ያ ዓመት ሙሉ የቆየው ነገር እንዳለ ነው። የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ስታደርስ ጨርቁ ምላሷን ነካው፤ ያ ጠዋት፣ ያ ቀበሌ በር፣ ያ ጣዕም ተመለሰባት። እጇን አወረደች። ተነሥታ ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ፣ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

"አጸዱ፣ ምለናል!" አለች ገበያነሽ።

"አምኃ!" አለች አጸደ።

ድምፅ የሌላት ሴት ይህን ድምፅ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ውሃው ላይ ያለው ወፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ የክንፉ ግርግር እንደ በረዶ ዝናብ ነበር። "አምኃዬ! ልጄን! አንድዬን!" ደረቷን መታች። ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ስሙን መለሰላት።

ታረቀኝ ሮጦ ደረሰ። "እትዬ አጸደ፣ ተይ! ማለቴ... ይተዉ እንጂ! የግድቡ ዘበኞች ይሰማሉ!"

"ይስሙ!"

"እኔን ያስጠይቁኛል እኮ! ይዋጡት፣ በእናትዎ!"

አጸደ ዞራ አየችው። "ይዋጡት አልከኝ፣ ዋጥሁት። ዓመት ሙሉ አልወርድ አለኝ። አንተ ልጅ የለህም? ምንሽርህ ጎርሷል አይደል? ካልሆነ እሱን ተጠቀም፤ እኔ ዝም አልልም።"

ታረቀኝ ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ ነበር። ምን ሊያደርግበት እንዳወረደው እሱም ያወቀ አይመስልም። ያን ጊዜ እማማ የዓለምወርቅ በእጃቸው ሣሩን ተመርኩዘው ተነሡና ከአጸደ ጎን ቆመው፣ ያን የጉለሌ ሰው የሚያውቀውን ድምፃቸውን ለቀቁት። ገበያነሽ ተነሣች። ሌሎቹም ተነሡ። የአንዷ ልጅም ባለፈው ዓመት ነበር የቀረው፤ የሌላዋ ወንድም። ያልተለቀሰው ሁሉ በየስሙ ተጠራ።

ታረቀኝ ምንሽሩን መልሶ አንጠለጠለና ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ወፎቹ ከላይ ሲዞሩ ቆዩ። ድምፅ እንጂ ተኩስ እንደሌለ ሲያዩ አንድ በአንድ ተመልሰው ውሃው ላይ አረፉ።

ሰኞ ዕለት ጓድ በድሉ አስጠራት። የግድቡ ዘበኞች ነግረዋል። ታረቀኝም ተጠርቶ ቆሟል።

"ወፍ አያለሁ ብለሽ ሄደሽ አለቀስሽ ይባላል።"

አጸደ መልስ ከመስጠቷ በፊት ታረቀኝ ቀደመ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚያ ነፋስ ኃይለኛ ነው። ወፎቹም ይጮኻሉ። ዘበኞቹ ከሩቅ ተሳስተው ይሆናል። እኔ ልቅሶ አላየሁም።"

መውጫ በር ተከፍቶላት ነበር። የድሮዋ አጸደ ብትሆን አንገቷን ደፍታ በዚያ በር ትወጣለች።

"ዋሽልኝ አላልሁትም" አለች። "አልቅሻለሁ። ልጄን ነው ያለቀስሁት።"

ጓድ በድሉ ጠረጴዛውን ደበደበ። እሁድ የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ፣ በሰው ሁሉ ፊት ግለ ሂስ እንድታደርግ ወሰነ።

አዳራሹ ሞላ። ጓድ በድሉ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። "ጓዶች! ይቺ ሴት የወዳጅ አገር ወፎችን አያለሁ ብላ አብዮቱን በማታለል፣ ባለፈው ዓመት አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደበትን ልጇን አምኃን በገፈርሳ ግድብ ላይ አልቅሳለች!"

አዳራሹ ጭጭ አለ። ሊቀመንበሩ የፍርሃት ዝምታ መሰለው። ያደረገውን ነገር አላወቀም። ዓመት ሙሉ ማንም አፍ አውጥቶ ያልተናገረውን ነገር፣ የሟቹን ስም ከእናቱ ስም ጋር፣ እሱ ራሱ በድምፅ ማጉያ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ። መርዶ ማለት ይህ ነው። ከእንግዲህ አልሰማሁም የሚል ጎረቤት የለም፤ የሰማ ጎረቤት ደግሞ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው።

አጸደ ተነሣች። በሰው ሁሉ ፊት ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

"ግለ ሂስ አድርጊ!"

"አደርጋለሁ። አላታለልሁም፤ ወፎቹንም አይቻቸዋለሁ። ባለማንኪያው መጥቷል። ጥፋቴ አንድ ነው፤ ልጅ የሚለቀሰው በሞተ ዕለት ነበር፣ እኔ ዓመት ቆየሁ።"

ከኋላ፣ ማን እንደሆነ ሳይታይ፣ የወንድ ድምፅ "እግዜር ያጥናሽ" አለ። ከግራ ሌላ ደገመው። ከመሀል እማማ የዓለምወርቅ "እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ የኔ ልጅ!" ብለው ጮኹ። ከዚያ ቃሉ በአግዳሚው ሁሉ ተዳረሰ። ጓድ በድሉ "ጸጥታ! ጸጥታ!" ይላል፣ ድምፅ ማጉያው ያፏጫል።

የዚያኑ ዕለት ቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ ቆለፉባት። ከቀናት በኋላ ስትፈታ በሩን የከፈተላት ታረቀኝ ነበር። ቁልፉን ይዞ ቆመና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ አጸደ" አላት።

"ይሄ የሚባለው ያን ዕለት ነበር" አለችውና አልፋው ሄደች።

ቤቷ ስትደርስ በሩ ተከፍቷል። ገበያነሽ በትርፍ ቁልፍ ከፍታ፣ ንፍሮ ቀቅላ፣ ሰው አስቀምጣለች። ሁሉም አልመጣም፤ ማዶ ለማዶ የሚሻገሩት አሁንም ተሻግረዋል። የመጡት ግን አግዳሚው አልበቃቸው ብሎ ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ሸማኔዎቹ ሥራቸውን ጥለው መጥተዋል።

"ምነው ዘገየሽ?" አለቻት ገበያነሽ፣ ዓይኗ አብጦ። "ባለቤቷ የሌለችበት ልቅሶ ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው። እማማ የዓለምወርቅማ ድምፃቸው ተዘጋ!"

አጸደ ገብታ የአምኃ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ከሥሯ ያለው ሳንቃ እንደ ድሮው ሲጥ አለ። አንድ ሰው፣ ለእሷ አስቦ፣ በሩን ሊዘጋ ተነሣ።

"ተወው" አለችው። "አይዘጋም።"

በሩም እንደተከፈተ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስሙን ጠራች።